ቀንዳሙ መላጊያ

ባለፈው እሑድ ጠዋት እዚህ ሮም፣ ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አንድ መላጊያ አየሁ። እንጨቱ በእጅ ብዛት የወዛ፣ ከፊት ለፊቱ እንደ ወይፈን ቀንድ ጎበጥ ብሎ የወጣ መያዣ ያለው፣ ምላጩ እንኳ ሳይጎድል በቦታው የተቀመጠ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሰው እንጨት አይቶ እንዴት እንዲህ ይሆናል ትሉ ይሆናል። በእኛ ቤት ግን ይህ ዕቃ እንደ ሰው ስም ነበረው። ቀንዳሙ ነበር የምንለው።

አባባ አናጺ ናቸው። ልጅ ሆኜ የሚሠሩባት ክፍል ከቤታችን ጎን በቆርቆሮ የተከደነች፣ ክረምት የምታፈስ፣ በጋ የምትጋገር ጠባብ ቤት ነበረች። ቀንዳሙ በሳንቃው ላይ ሲሄድ ረዘም ያለ «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ከአፉ የሚወጣው ቀጭን ጥቅልል የጥድ ሽታውን እንደያዘ እግራችን ሥር ይወድቃል። እኔና እህቴ ጥቅልሉን ከጆሯችን ላይ እንደ ሎቲ አንጠልጥለን ሙሽራ እንሆን ነበር። ትምህርት ቤት ስንደርስ ከሹሩባችን ውስጥ ሰጋቱራ እየለቀመች «እናንተ ደግሞ እንጨት ላይ ነው የምታድሩት?» የምትለን አስተማሪ አትጠፋም። እኛም አናፍርም። የሌሎቹ ልጆች ፀጉር ቅቤ ቅቤ ሲል የእኛ ጥድ ጥድ ይላል።

ቀንዳሙ ወደ ቤታችን የመጣው ከምናለሽ ተራ ነው። በእኔ ዘመን ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ምናለሽ ተራን ያውቃታል። ከመርካቶ ሌላው ሰፈር የተጣለ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ጆንያ ላይ ይሰለፋል፤ እጀታ የሌለው መጋዝ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞርሳ፣ ጫፉ የታጠፈ ካቻቢቴ፣ ምን ላይ እንደነበረ ሻጩም የማያውቀው ብረት። የዛገ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሽታው ልብስ ውስጥ ገብቶ እስከ ሰኞ አይለቅም። ቀጥቃጮቹ ከዚያ ወዲያ ማዶ በርሜል ሲደበድቡ ጆሮ ይበጠሳል። እኔ የወደቀ ብሎን እየለቀምኩ ኪሴን እሞላለሁ፤ ለቅልብልቦሽ ከጠጠር ይሻላል።

አባባ ቅዳሜ ከሰዓት እኔን ብቻ ይዘው ይሄዱ ነበር። እህቴን የማይወስዱት አፏን መያዝ ስለማትችል ነው፤ ጥሩ ዕቃ ካየች «አባባ ያውልዎት! ያውልዎት!» ብላ ገበያውን ታበላሻለች። እኔ ዝም ማለት እችል ነበር። የአባባ ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው። «የወደድሽውን ዕቃ ዓይንሽን አትስጪው» ይሉኛል በመንገድ ላይ እጄን ጠበቅ አድርገው። «አጠገቡ ያለውን እይ። የሱን ዋጋ ጠይቂ። ከዚያ እንደ ቀልድ ይሄስ በይ። አልቀንስም ካለ ፊትሽን አዙረሽ ሂጂ። ይጠራሻል።»

የቀንዳሙ ዕለት እንዲህ ሆነ። ሻጩ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። አባባ አጎንብሰው አንድ የተጣመመ ክብ መጋዝ አነሱ፣ በጣታቸው አንኳኩ፣ ዋጋ ጠየቁ። ከዚያ ቀንዳሙን በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ይቺስ ማገዶ?» አሉ።

«ማገዶ? ማገዶ አልከው?» አሉ ጋሽ ሸምሱ ደረታቸውን ይዘው። «ይሄ የጣሊያን አናጺ እጅ ነው! ልጆቼን ይንሳኝ ማገዶ ከሆነ!»

«እንግዲያው ለጣሊያኑ መልስለት» ብለው አባባ ዞሩ። እጄን ይዘው ሄድን። እኔ ዞሬ እንዳላይ አንገቴን አደንድኜ፣ ልቤ ግን እየመታ። የተራው መጨረሻ ደርሰን አባባ ሸንኮራ አገዳ ገዙልኝ። ሻጩ ልጦ፣ ቆራርጦ ሰጠኝ። ጥግ ላይ ቆመን እያኘክሁ ጭማቂው በክንዴ ወረደ። ከዚያ በሌላው መግቢያ ዞረን ስንመጣ የጋሽ ሸምሱ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ «አናጺው! አንተ አናጺ! ና ውሰደው፣ ራስ ምታት ሆንክብኝ!» እንዴት ደስ እንዳለኝ። አባባ ያሉት ሁሉ ይሆናል ብዬ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ የባለፈው እሑድ ንዴቴ እንዲገባችሁ ነው።

አባባ አሁን ሰማንያን አልፈዋል። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሳይታደስ ቀርቶ ሥራም ቤትም ሊያሳጣኝ በነበረ ጊዜ ለሰፈራችን ማርያም ተሳሉ፤ «የልጄ ወረቀት ይስተካከል እንጂ አትሮንስ በእጄ ሠርቼ አገባለሁ» አሉ። እመቤቴ ሰማቻቸው። ወረቀቴ ወጣ፣ አትሮንሱ ተጀመረ፤ ጎኖቹ እንኳ ተልገው ሳያልቁ ቀንዳሙ ወገቡ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። እህቴ የኤሌክትሪክ መላጊያ ገዛችላቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ገና ሲያስነሱት ከሳንቃው ላይ ዘሎ አስደነገጣቸውና ሁለተኛ አልነኩትም። አዲሱ የብረት መላጊያ ደግሞ ይከብዳቸዋል። ምናለሽ ተራም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለችም፤ ቀንዳም መላጊያ ቢጠየቅ የሚያውቀው ሰው የለም። «አሁን በመስታወት ስባሪ ነው የሚፍቁት» አለችኝ እህቴ በስልክ። «ጣታቸው ሁሉ ፕላስተር ነው። ተው ሲባሉ አይሰሙም። ስለቱን ሳላገባ ብሞትስ ይላሉ።»

የተሳሉት ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ ቀንዳሙ ከተሠራበት አገር ተቀምጫለሁ። ይህማ ቀላል ነው ብዬ ነበር።

ቀላል አልሆነም። ሥራዬ ፊሳ የሚሉት የቤት ሠራተኝነት ነው፤ ከአሠሪዬ ከሲኞራዬ ጋር አዳሪ ነኝ፣ ሙሉ ዕረፍቴ እሑድ ብቻ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያም እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሴም እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ትራም ተሳፍሬ ስደርስ ሻጮቹ ብርድ ልብሳቸውን እየጠቀለሉ ነው። ስንት እሑድ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅጥቄ ባዶ አስፋልት አይቼ ተመለስኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በግማሽ ቀን ዕረፍቴ፣ የአሮጌ ዕቃ ሱቆችን ዞርኩ፤ እነሱ ደግሞ ይብሳሉ። አንዱ መላጊያውን በስቶ አምፖል ተክሎበታል። አንዱ ምላጩን አውጥቶ አበባ ተክሎበታል። ነቀዝ የበላውን በቫርኒሽ ቀብተው መስኮት ላይ ያቆሙትም አለ። ገልብጬ ሆዱን ልይ፣ አፉን ልይ ስል «ሲኞራ፣ አይነካም!» ይሉኛል። ሳይነካ የሚገዛ መሣሪያ የት አገር አለ? ምናለሽ ተራ እኮ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ መጋዝ እያነሳሁ ነበር የምጫወተው።

በመጨረሻ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ፤ ከቅዳሴ በፊት ገበያ ብሄድስ አልኳቸው። «ለሸመት ነው?» አሉኝ። ለስለት መሆኑን ነገርኳቸው። አሰብ አደረጉና «በይ ማልደሽ ሂጂ። ቅዳሴ እንዳያመልጥሽ። ደግሞ ተከራክረሽ፣ ተናደሽ እንዳትመጪብኝ» አሉ።

እና ባለፈው እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ምንም ሳልቀምስ ወጣሁ። ገበያው ገና እየተነጠፈ ነው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አባባ ትውስ አሉኝ፣ ዓይኔን ወዲያው ከላዩ አነሳሁ። አጠገቡ አንድ የነሐስ ሚዛን ነበር። ሚዛኑን አንስቼ «ኳንቶ?» አልኩ፤ ስንት ነው ማለቴ ነው።

ሻጩ ሹራብ ኮፍያ ያጠለቀ፣ ፊቱ ደስ የሚል ሽማግሌ ነው። ዋጋውን ነገረኝና ስለ ሚዛኑ ማውራት ጀመረ። የመጣበትን መንደር፣ የነበረበትን ሱቅ፣ እንዴት እንደሚወለወል። ምናለሽ ተራ ቢሆን አንዱን የጠየቀ ሌላውን እንደፈለገ ሕፃንም ያውቃል። ይህ ሰው ግን የእውነት አመነኝ። ጋዜጣ አውጥቶ ሚዛኑን ሊጠቀልልልኝ! «አሎራ... እሺ ይሄስ?» አልኩ ቶሎ፣ እንደሰለቸው ሰው መላጊያውን በእግሬ ጫፍ እያሳየሁ። ዋጋውን ነገረኝ። ውድ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር። እኔ ግን የአባባ ልጅ ነኝና ግማሹን እሰጣለሁ አልኩ።

«ኖ፣ ሲኞራ» አለኝ። አልተቆጣም፣ በልጆቹ አልማለም፣ ደረቱን አልያዘም። ኖ አለ፣ በቃ። እኔም ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

ጆሮዬን ከኋላዬ ትቼ ነው የሄድኩት። እርምጃዬን አዘገየሁ። ጎንበስ ብዬ ያልተፈታ የጫማ ክር አሰርኩ። የማልፈልገውን ሸሚዝ ዳበስኩ። ማንም አልጠራኝም። የረድፉ ጫፍ ደረስኩ፤ እዚያ የሥጋ ሳንዱች የሚሸጥ መኪና ቆሟል፣ እኔ ፆመኛዋ ፊቴን አዞርኩ። የቅዳሴ ሰዓት እየደረሰ ነው። ልመለስ እላለሁ፣ ኩራቴ ይይዘኛል። «ትንሽ ቆዪ፣ ይጠራሻል» ይለኛል የአባባ ድምፅ።

ከዚያ እውነትም ተጠራሁ! «ሲኞራ! ሲኞራ!» ዞር ስል ያው ሽማግሌ ነው፣ እጁን እያወዛወዘ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። ስምንት ዓመቴ ላይ ተመለስኩ፤ እየሮጥኩ ነው የደረስኩት። ሰውየው በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሚዛን እያሳየኝ «ለዚህ እቀንስልሻለሁ!» አለኝ።

መላጊያው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

ባርኔጣ ያደረገ ሰው በብብቱ ይዞት ሲሄድ ደርሼ ያዝኩት። ያልኩትን ዋጋ ሳይሆን ሻጩ ያለውን፣ ከዚያም በላይ ልስጥህ አልኩት። አባቴ አናጺ ነው አልኩት። በጣም ተደሰተ፤ «አናጺ! ቤሎ! ግሩም ነው!» አለ። ገጠር ቤት አለው፣ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። ለውበት። «ልጠቀምበት እኮ አይደለም፣ አታስቢ፣ አይበላሽም» ብሎ አጽናናኝ። መንገድ ላይ ቆሜ ማልቀስ አምሮኝ ነበር። ለአንድ አትሮንስ የተፈጠረ ምላጭ ግድግዳ ላይ ሆኖ እራት የሚበሉ ሰዎችን ሊያይ ነው!

ቅዳሴ ላይ አርፍጄ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ከንፈሬ «አቤቱ ይቅር በለን» ይላል፣ ሆዴ ከባለባርኔጣው ጋር ይጣላል። የንስሐ አባቴ ዕጣን እያጠኑ ሲያልፉ ፊቴን አይተው ነገሩ ወዲያው ገባቸው መሰለኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቅዳሴ በኋላ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ምሳ ስንበላ ጓደኛዬ ዘነቡ አላሳለፈችኝም፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ሮም ውስጥ ነው መርካቶ መርካቶ የምትጫወቺው? እዚህ አገር ኖ ካሉሽ ኖ ነው። ከሄድሽ ደግሞ ሄደች ነው!» አለችኝ እየሳቀች። መሳቅ አቃተኝ።

ማታ ለአባባ ደወልኩ። ልደብቃቸው አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የእሳቸውን ሕግ እንደጠበቅሁ፣ ሰውየው ግን እንዳልጠራኝ። «እርስዎ ይጠራሻል ብለውኝ ነበር እኮ» አልኩ፤ ድምፄ የልጅ ሆኖ ወጣ።

አባባ ቀስ ብለው ሳቁ። «ሸንኮራውን አልበላሽማ» አሉ።

«የምን ሸንኮራ?»

«ሸንኮራውን ለምን የምገዛልሽ ይመስልሽ ነበር? ሳይጠሩኝ ሲቀሩ ነው እኮ። ስንቴ ሳይጠሩኝ ቀርተዋል! ወዲያው ብመለስ አፍራለሁ፣ ብሄድ ዕቃው ያመልጠኛል። አንቺ እያኘክሽ እኔ ወኔ እሰበስባለሁ። ከዚያ በሌላ በኩል ዞሬ፣ አሁን ገና እንደመጣ ሰው...»

«የቀንዳሙ ዕለት ግን ጠርተውዎታል። እኔው ሰምቻለሁ።»

«ሸምሱ? እሱማ ስመለስ አየኝ። በልጄ ፊት እንዳላፍር ቶሎ ብሎ ጠራኝ። ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር።» ትንሽ አሳላቸው። «አትቸኩይ ልጄ። መስታወቱም ያስኬዳል። ደግሞ ከተገኘ፣ ዓይንሽን ስጪው። እወደዋለሁ በዪው። እኔ ያስተማርኩሽ የእኛን ሰው ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያቺ ሸንኮራ የበላሁባት ጥግ ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ። ምናለሽ ተራ አሁን ብሄድ እንኳ እንደዚያ ዘመን አይደለችም፤ ጋሽ ሸምሱ የሉም፣ ተመላሽ አይቶ እንዳያፍር የሚጠራ ሰው እዚህም የለም። በመጪው እሑድ ማልጄ እወጣለሁ፤ ካገኘሁ ገና ከሩቅ እጄን ዘርግቼ የእኔ ነው እላለሁ። የሚቆጨኝ ግን መላጊያው ብቻ አይደለም። ያን ቀን ጥግ ላይ ቆመን አባባ ልባቸው እየመታ፣ ወኔያቸውን እየሰበሰቡ፣ ከአጠገቤ ነበሩ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት እችል ነበር። እኔ ግን ሸንኮራዬን እያየሁ ነበር።