ግማሽ በሬ በመጋቢት ዋጋ

እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው። እሱንም የገበሬ ማኅበሩ እንዳይቀጣኝ ብዬ ከኋላ ተቀምጬ ተማርኩና፣ ስሜን መጻፍ ስችል በቃኝ ብዬ ወጣሁ። የከብት ነገር ሲነሳ ግን ከኔ ፊት የሚቆም የለም። በሬ ከሩቅ አይቼ፣ አፉን ሳልከፍት ዕድሜውን እናገራለሁ። አንዳንዴ እሳሳታለሁ። ስሳሳትም ፊቴን ኮስተር አድርጌ ስለሆነ ሰው ያምነኛል። ቡሬ ገበያ ላይ ስንቱን ባለ ሽበት አሳምኜ ሰድጄዋለሁ።

ያም ሆኖ ያን ዓመት የነበረኝ በሬ አንድ ነው፤ አባቴ ሲሞት የተወልኝ ቦራ። ባለ አንድ በሬ ሰው እንዴት እንደሚኖር የማያውቅ ካለ ልንገረው። እንደሱ አንድ በሬ ያለው ሰው ይፈልግና ይቀናጃል፣ ሁለቱን በሬ ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። ተራ ማለት ደግሞ ዝናቡ ያንተ መሬት ላይ ሲወርድ በሬህ የሰው መሬት ላይ ነው ማለት ነው። ጥማድ ያለው ዘርቶ ጨርሶ ጠላ ሲጠጣ አንተ ገና ጅራፍ ትገምዳለህ።

ይኼም ባልከፋኝ ነበር። የከፋኝ በልጅቷ ነው። ከወንዙ ማዶ ካሉ ሽማግሌ ቤት አንዲት ልጅ አለች። መልኳን አላወራም፤ ሰው ይመኛታል። እናቴ ነገሩን በሰው በሰው አስጠይቃልኝ፣ አባቷ የመለሱት መልስ ደረሰን። ልጁን አልጠላነውም፣ አፉ ቢበዛም እጁ ሥራ ያውቃል ብለዋል አሉ። ነገር ግን ልጄን የምሰጠው ጥማድ ላለው ነው፣ ክረምቱን የሰው በሬ ደጅ ሲጠና ለሚያሳልፍ አይደለም ብለዋል። እሳቸው ጥማድ አላቸው፤ ስለዚህ መናገር ይችላሉ።

እኔም በጥር በርበሬዬን ፍኖተ ሰላም ወስጄ ደህና አድርጌ ሸጥኩ። ብሩን እናቴ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ከባንክ ይበልጣል፤ ባንክ ይከፈታል፣ የእናቴ መቀነት ግን እሷ ካልፈቀደች አይፈታም። በመጋቢት በሬ ልግዛ ብዬ ከእናቴ ጋር ቡሬ ስወጣ ዋጋው ለሰው የሚነገር አልነበረም። ብሬ ይደርሳል፣ ግን አንጀቴ አልደርስ አለ። እንመለስ አልኳት፤ ተመለስን።

ከዚያ ሚያዝያ ገባና ዝናቡ ቀረ። በየቤቱ የተከመረው ገለባ አለቀ፣ ወንዙ ዳር ያለው ሣር ተጋጠ። በዚያ ላይ ለመንግሥት የሚገባ የእህል ኮታ አለ። ኮታ ደግሞ አልዘነበልንም ቢሉት አይሰማም፤ ጎተራው የጎደለበት ሰው እህል ከገበያ በውድ ገዝቶ ነበር የሚያስረክበው። እህል ለመግዛት ከብት መሸጥ ነው። አገሩ ሁሉ ከብቱን እየጎተተ ቡሬ ገባ። ዋጋው ወረደ። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ወረደ።

አሁን የኔ ቀን መጣ አልኩ። የሰፈሩን ጎልማሳ ሰብስቤ ስለ ገበያ አስተማርኳቸው። ዋጋ ሲወርድ የሚገዛ ሞኝ ነው፣ ወለሉን ሲነካ የሚገዛ ነው ብልህ። ወለሉ በምን ይታወቃል አሉኝ። በደላላው ነዋ አልኳቸው። ደላላው ሲጮህ ገና ይወርዳል። ሰውም ገና ተስፋ ስላለው ነው የሚያስጮኸው። ደላላው ተቀምጦ ሲያዛጋ፣ ያን ጊዜ ወለሉ ነው። አንዱ ማስታወሻ ደብተር ቢኖረው ይጽፈው ነበር፤ እግዜር ይመስገን የለውም።

እናቴ ግን አላመነችም። እኔን ያላመነች የአገሩ ብቸኛ ሰው እሷ ነች። አንድ ቀን ምሳ አቅርባልኝ እየበላሁ፣

"አንተ ልጅ፣ በሬ እንደ በርበሬ ጆንያ ውስጥ የሚቀመጥ መሰለህ?" አለችኝ። "የሚወርደው ዋጋው ብቻ ነው? ሥጋውም አብሮ እየወረደ ነው። ዛሬ ብትገዛው የኛን ገለባ በልቶ ለሰኔ ይጠነክርልሃል። ወለሉ ላይ ስትገዛው የምትገዛው ቆዳውን ነው።"

እኔም የነጋዴ ነገር ሴት አይገባትም ብዬ አፌን ስከፍት በእንጀራ ሞላችልኝ። እውነቷን ነበር። የኛ ገለባ አንድ በሬ ስለሚበላው ተርፏል። ዋጋ እየጠበቅሁ ስቆይ ግን ሊታረስበት የሚችል በሬ ከገበያው እያለቀ፣ የቀረው የሰው እጅ ሲነካው የሚንገዳገድ ሆነ። ይኼን አይቼዋለሁ። ግን አንዴ ለሰፈሩ ካስተማርኩ በኋላ እንዴት ብዬ ወለሉን ሳልነካ ልግዛ?

በዚያ ላይ አንዱን ገበያ አልወጣሁም። ለውትድርና ገበያ ላይ ወጣት እየታፈሰ ነው የሚል ወሬ መጣ። በሚቀጥለው የሟቹን አባቴን ጋቢ ተከናንቤ፣ ከዘራ ይዤ፣ ጎብጬ ሄድኩ። ሽማግሌ ሆንኩ። መንገድ ላይ ጎልማሶች እየተነሱ ደህና ዋሉ አባቴ ይሉኛል፣ እኔም እመርቃለሁ። እናቴ ከኋላዬ እየሳቀች መቀነቷን ይዛ ልትወድቅ ነበር።

ከብት ተራ ስንደርስ ደላላው ግንድ ተደግፎ ተኝቷል። ማዛጋቱንም ጨርሶታል። እማዬ፣ ዛሬ ነው አልኳት። ጎብጬ መሄዴን ረስቼ ቀጥ ብዬ በከብቱ መሃል ተሰማራሁ።

ጎድኑ የሚቆጠር በሬ ሁሉ አለ። አንድ ዳልቻ ግን ከሁሉ ተለይቶ ቆሟል። ሻኛው አልተኛም፣ ዓይኑ ንቁ ነው፣ ጫንቃው ቀንበር ይሸከማል። ገመዱን የያዘውን ሰው ሳየው የልጅቷ አባት ናቸው። ልጅቷም ከበሬው ኋላ ቆማለች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ። በኋላ እንደሰማሁት ሣር በሌለበት ጊዜ ከረግረጉ ዳር በማጭድ እየለቀመች ያበላችው እሷ ነች። ከቤት ሲወጣም አልሄድ ብሎ፣ እሷ ከኋላው ስትመጣ ነው የተራመደው።

አባቷ ከአንድ የሥጋ ነጋዴ ጋር ናቸው። ነጋዴው ከባሕር ዳር መኪና ይዞ የመጣ ነው። የጠራው ዋጋ በሬው ቢሰማ ይወጋው ነበር። የመጋቢቱን ዋጋ ግማሽ ያህል ነው። ሽማግሌው አይጨቃጨቁም፣ መሬት መሬት ያያሉ። የጎደላቸው ኮታ ማስረከቢያ ቀን ደርሶባቸዋል። ወረዱ፣ ወረዱ፣ እሺ ሊሉ ነው።

እኔ ስጠብቀው የከረምኩት ወለል ይኸው እግሬ ሥር ነው። ከነጋዴው ትንሽ ከፍ ባደርግ በሬው የኔ ነው። ጥማድ አለኝ፣ ሽማግሌ እልካለሁ። ግን የማንን በሬ ጠምጄ ነው የማንን ልጅ የምጠይቀው? እሳቸው ከዛሬ ጀምሮ ባለ አንድ በሬ ናቸው። በራሳቸው በሬ ደጃቸው ስቆም ምን ብለው ያዩኛል? ልጅቷስ በሬውን በየቀኑ በኔ ቀንበር ሥር እያየች፣ የአባቴን ችግር የገዛ ሰው ነው አትልም? እናቴ መቀነቷን መፍታት ጀምራ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

እኛ አገር በሬ በግማሽ ይገዛል። ሙሉውን መሸጥ የሚከብደው ሰውና ሙሉውን መግዛት የሚያቅተው ሰው ይገናኙና በሬው የሁለት ይሆናል። በየሳምንቱ በየበረቱ ያድራል፣ በየተራ ያርስላቸዋል፣ ቢሞት ቆዳውን እኩል ይካፈላሉ። ይኼ የድሃ ነገር ነው፤ ሽማግሌው የሚጠሉት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ጠጋ ብዬ ጋቢዬን ከራሴ ገለጥኩና ሰላምታ ሰጠሁ። መጀመሪያ አላወቁኝም።

"የምን ሽምግልና ነው?" አሉኝ።

ልጅቷ ነጠላዋ ውስጥ ስትስቅ አየሁ። ጉልበት ሆነኝ።

"አባቴ፣ ግማሹን ይሽጡልኝ" አልኳቸው። "ግማሹ የእርስዎ ይሁን።"

ነጋዴው ሳቀ። በመኪና ግማሽ በሬ አልጭንም፣ የኋላ እግሩን ነው የፊቱን የምትወስደው አለኝ። እኔ ዓይኔን ከሽማግሌው ላይ አላነሳሁም።

"በስንት?" አሉ ሽማግሌው።

"በመጋቢት ዋጋ።"

የመጋቢት ግማሽ ማለት ነጋዴው ለሙሉው የሚሰጠው ማለት ነው። ሽማግሌው ገባቸው፣ ፊታቸው ጠቆረ። ምጽዋት መሰላቸው። ለማኝ መስዬ ታየሁህ እንዴ፣ አንተ ልጅ፣ ሊሉኝ እንደሆነ አወቅሁ። ቀድሜ ተናገርኩ።

"አባቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ አላዝንልዎም። ዝናቡ ይመጣል፣ አይቀርም። ሲመጣ ሻጭ የለም፣ ዋጋው ወደ መጋቢቱ ይመለሳል። ያን ቀን ከምሻማ ዛሬ ቀድሜ ያዝኩ። እንደሱ የበላ በሬ ደግሞ ከዚህ ገበያ አንድ የለም፤ ይኼው ይዩት። የሣሩ ዋጋ አለበት።"

ሽማግሌው ዞረው በሬውን አዩ። ከበሬው አልፈው ልጃቸውን አዩ። እናቴ ነገሩን ለማፍጠን ሄዳ እጃቸውን ሳመችና ብሩን አስያዘቻቸው። ወንድ ሆኖ ሴት የሰጠችውን መመለስ ነውር ነው፤ እናቴ ይኼን ታውቃለች። እሳቸውም ገመዱን አልለቀቁም፣ እኔም ጫፉን ያዝኩ፣ ሁለታችን ገመድ ይዘን ቆምን።

"ይባርክልን" አሉ።

ቤት ልንደርስ ስንል እናቴ፣ አባትህ ቢኖር ዛሬ ጠላ ይጠጣ ነበር አለች።

ዝናቡ ግንቦት ላይ ጣለ። ደመናው ቡሬ ላይ ሲያንዣብብ ሰው ከብቱን ሳይሸጥ ከገበያ እየጎተተ ተመለሰ፣ ዋጋውም ዘሎ ወጣ። የሰፈሩ ጎልማሳ ወለሉን በትክክል ያወቀ ብሎ እኔን ያሞግሳል። እኔም አልከለከልኳቸውም። ወለሉ ላይ በመጋቢት ዋጋ መግዛቴን ለማንም አልነገርኩም፤ እንዲህ ያለ ብልሃት ለሰው ቢነገር ይበላሻል።

ዳልቻውና ቦራዬ ተጠመዱ። ወደ ቀኝ ስል ቦራው ወደ ቀኝ፣ ዳልቻው ወደ ግራ ይሄድ ነበር መጀመሪያ፤ ከዚያ ተላመዱ። የሽማግሌውን መሬት ዳልቻውን ከቀረው በሬያቸው ጋር ጠምደን እሳቸው ሞፈር ይዘው፣ የኔን እኔ ይዤ፣ እየተቀያየርን አረስን። በየሳምንቱ በሬውን ስናሻግር ልጅቷ ከኋላው ትመጣለች፣ ያለ እሷ ወንዙን አይሻገርማ። እኔም ከፊቱ ገመድ ይዤ እሄዳለሁ። መሃላችን በሬ ስላለ ማንም አይናገረንም። የበሬው ወርድ ሰፊ ነው፣ ግን ድምፅ ያሳልፋል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሽማግሌው ማረሻውን ከአፈሩ ነቅለው አጠገቤ ተቀመጡ። የበሬዎቹን ጫንቃ እያዩ፣ "ይኼ ዳልቻ ወዲያ ወዲህ ሲል ከሳ" አሉ። "አንድ በረት ቢያድር አይሻለውም? ያም በረት ራሱ ሰው ያስፈልገዋል። ሣር የምታበላው።"

አንድ ተኩል በሬ ነው ያለኝ፣ ጥማድ የለኝም አልኳቸው። እኔ እንዲህ ብዬ የምቀልደው ስደነግጥ ነው። እሳቸው ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ወንዙ ወረዱ። ሲሄዱ፣ ቁጥር የምታውቅ መስሎኝ ነበር አሉኝ። ጥማድ የሚሞላውን የቀረውን ግማሽ ማን ይዛ እንደምትመጣ አታውቅም? አሉ።

ልጅቷ ምሳውን ይዛ ደርሳ ነበር፣ ሰምታለች። እንጀራውን ከፊቴ አስቀመጠች፣ ቀና ሳትል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችኝ። "በእውነት ዝናቡ እንደሚመጣ አውቀህ ነበር?"

ለገበያው ሁሉ እዋሻለሁ። ለሷ ግን አላወቅሁም ነበር አልኳት። ሰማዩ ድንጋይ ይመስል ነበር። የገዛሁት አንቺ ከኋላው ስለቆምሽ ነው።

በርቀት አባቷ ወንዙ ውስጥ እጃቸውን ሲታጠቡ አየቻቸው።

"ይኼን ለአባቴ እንዳትነግር" አለችኝ። "ነጋዴ ነህ ብሎ ነው የወደደህ።"

ከዚያ ማጭዷን አንስታ ለበሬዎቹ ሣር ልታጭድ ወደ ረግረጉ ሄደች። እኔም እንጀራውን ትቼ ተከተልኳት፣ ማጭድ እንዳልያዝኩ እያወቅሁ።