ዐሥራ አንደኛው ክዳን

ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ያወጣለት ስም ግን «ይቅርብኝ» ነው፤ ኮሚቴ ግባ ሲሉት ይቅርብኝ፣ ስብሰባ ና ሲሉትም ይቅርብኝ ይላል። እኔ ታናሽ እህቱ ቁልፍ እየተከልኩ አብሬው እሠራለሁ። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የምነዛውም እኔው ነኝ።

ሱቃችን ከእናታችን ቤት ፊት ለፊት ነው። መሐል ላይ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ ያልፋል። ካቻምና እማዬ በቦዩ ላይ የተጋደመው ሳንቃ አዳልጧት ወደቀች። አጥንቷ ዳነ፣ ፍርሃቷ ግን አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ከደጃፏ አልፋ አታውቅም፤ በኋላ የከፈትነውን ሱቅ እንኳ የምታየው ከመስኮቷ ነው።

አንድ ጠዋት በዚያው መስኮት ወንድሜን፣ «የስፌት መኪናህን እሰማዋለሁ። ውስጡን ግን ሳላየው ልሞት ነው» አለችው።

ወንድሜ መቀሱን አስቀምጦ ቦዩን ትክ ብሎ አየው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት» ማለት ያዘ። ልብስ ሰፊ ቀጠሮ ሲያከብር ማን አይቶ ያውቃል? ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ ሰባት ሰው በራችን ተጋፋ። ልብሱ ሁሉ ተተኩሶ ተሰቅሏል።

«አንድ ነገር ልበላችሁና ትወስዳላችሁ» አለ ወንድሜ፣ ላብ አጥምቆት። «ይሄን ቦይ እንክደነው። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወጣችም።»

ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ግንበኛ ቀና ብሎ አየው። «ይቅርብኝ ነህ ወይስ ሰው ቀይረውብናል? በል፣ የኮንክሪት ክዳኑን እኔ እሞላዋለሁ። ሱሪዬን ብቻ ስጠኝ።»

አናጢው ኮንክሪቱ የሚሞላበትን የእንጨት ቅርጽ ልሥራ አለ። ሲሚንቶውንና አሸዋውን ሌሎቹ ተካፈሉት። መለካቱን ለወንድሜ ተዉለት፤ ሜትር ከአንገቱ የማይወርድ እሱ ብቻ ነዋ።

ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው። ዐሥራ አንድ ክዳን ተሞልቶ ደረቀ። ሲደረደር ግን ዐሥሩ ቦዩን ዳር እስከ ዳር ሸፈነውና አንዱ ተረፈ። ግንበኛው ሦስት ጊዜ ቆጠረ።

«እንዴት አድርገህ ነው የለካኸው?» አለው ወንድሜን።

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። በእያንዳንዱ ክዳን ጎንና ጎን ሁለት ሁለት ጣት ለስፌት ጨመርኩ።»

ሳቁ ለሌላ ሰፈር ተረፈ። እኔማ «ጋሼ፣ ኮንክሪቱን በየት በኩል ልትዘመዝመው ነው?» እያልኩ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ለዓመት የሚበቃኝ ወሬ አገኘሁ።

ወንድሜና ግንበኛው የተረፈውን ክዳን አንስተው በሱቃችን በር አጠገብ በሁለት ብሎኬት ላይ አጋደሙት። ከዚያ ተሻግሮ እማዬን ክንዷን ያዛት። አንድ እግሯን የቦዩ ክዳን ላይ አሳርፋ ቆመች።

«አይነቃነቅም?»

«አይነቃነቅም እማዬ።»

ተሻገረች። ሱቃችን ገብታ የስፌት መኪናውን ዳበሰች፤ መስታወቱ ቆሽሿል ብላ እኔን ተቆጣች። ደስ አለኝ፤ አለቀስኩም። ስትወጣ ደክሟት የተረፈው ክዳን ላይ ተቀመጠች። ከፍታው ለጉልበቷ ተስማማት።

«ይሄንንስ ለእኔ ብለህ ነው ያሠራኸው?» አለችው።

ወንድሜ ወደ እኔ ተመለከተ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ።

«አዎ እማዬ» አለ። «በልክሽ ነው።»