ለባለገመዷ የተተወ ቦታ

ኢፍቱ ዋቅጅራ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዳገቱ ግርጌ ባለች የመጽሐፍ ጥረዛ ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሙያውን ተምራ ነው የገባችው። የተመራቂ ጽሑፍ፣ የሰበካ መዝገብ፣ ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ለራሷ የጠረዘችው ግን አንድ ብቻ ነው፤ "ባለገመዷ" የሚባለውን ኮሚክ፣ አሥራ ሁለቱንም ቁጥር ባንድ ላይ።

ባለገመዷ ከእንጦጦ እንጨት ለቅማ የምትወርድ ሴት ናት። ገመዷ እንዳዘዘችው ይረዝማል። ፍሬን የበጠሰ መኪና ታቆምበታለች፣ ጎርፍ የወሰደውን ሰው ትጎትትበታለች። ከዚያ እንጨቷን ተሸክማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የኢፍቱ እናት ወይዘሮ ሎሚ በዚያው ቁልቁለት ሃያ ዓመት እንጨት አውርደዋል። ማንበብ አይችሉም፤ ኢፍቱ ታነብላቸዋለች፣ እሳቸው ሥዕሉን ይከታተላሉ።

ኮሚኩ ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ስምንት ዓመት ተቋረጠ። አምና፣ አዲስ ተከታታይ በስድስት ቁጥር ሊወጣ ነው ሲባል ኢፍቱ እስኪወጣ አልጠበቀችም። ጥራዙን ፈታ እንደገና ሰፋችው፤ ከመጨረሻው ቁጥር በኋላ ስድስት ቦታ ጠባብ ጠባብ ቁራጭ ወረቀት አስገብታ። በኋላ የሚመጣው የሚለጠፈው በቁራጩ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የጀርባውን ስፋት ይይዛል። ሽፋኑንም በዚያው ልክ ቆረጠች።

የጥረዛ ቤቱ ባለቤት ጋሽ አባይነህ አገላብጠው አዩት።

"ጀርባው ሰፊ፣ ሆዱ ባዶ። ምሳ ያልበላ ዘበኛ ይመስላል።"

"ይበላል ጋሼ።"

"ላልመጣ እንግዳ ፍራሽ አነጠፍሽ።"

የቸኮለችበት ምክንያት ነበራት። ወይዘሮ ሎሚ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘው ነበር። "ሲገፈፍልኝ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው" ብለዋል። ኢፍቱ ሙሉውን ጥራዝ ልታስረክባቸው አስባለች።

ስድስቱ ቁጥሮች ባንድ ላይ ወጡ፤ እናቷ ከሆስፒታል በተመለሱ በሦስተኛው ቀን። ኢፍቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ማንበብ ጀመረች። ባለገመዷ ትበራለች። የምትኖረው መስታወት በመስታወት በሆነ ፎቅ ውስጥ ነው። ገመዷ ሰማያዊ ያበራል። በሦስተኛው ቁጥር ላይ ኢፍቱ ያረጀሁት እኔ ነኝ ወይ ብላ አሰበች። ወረቀቱ ጥሩ ነበር፣ ቀለሙም ወደ ጀርባው አላለፈም። ማጣበቂያውን ከመንካቷ በፊት ለእናቷ ልታሳይ ወሰነች።

ወይዘሮ ሎሚ ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ገጹን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

"ይቺ ማናት?"

"ባለገመዷ ናት፣ እማዬ።"

"ገመዱስ?"

"ይኸው፣ የሚያበራው።"

"እሱማ የመብራት ሽቦ ነው።" ገለጡ። እንጨት የተሸከመችበት አንድ ገጽ ነበር፤ እሱ ላይ ቆዩ። "ወፍራም ወፍራሙን ሁሉ በቀኝ አስራዋለች። አሥር እርምጃ ሳትሄድ ገደል ትገባለች። ወገቧስ እንዲህ ቀጥ ያለው፣ ባዶ ካርቶን ነው የያዘችው?"

"አሁን እኮ ትበራለች።"

"የምትበር ከሆነ እንጨት ማን አሸከማት?"

ኢፍቱ ቀጣዩን ገጽ ገለጠችላቸው።

"ሞራዬን ያስገፈፍኩት ለዚህ ነው?" አሉና ሳቁ። "በይ የድሮዋን አምጪ።"

አመጣችላቸው። ወይዘሮ ሎሚ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ሥዕሉን እንደ ጥላ ነበር የሚያዩት። አሁን ቋጠሮውን በጣታቸው ተከተሉ፤ በትከሻ ዞሮ ደረት ላይ የሚታሰረውን።

"ይሄን የሣለው ሰው ተሸክሟል" አሉ። "ካልሆነም እናቱ ተሸክማለች። በይ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።"

አንደኛውንና ሁለተኛውን ቁጥር አነበበችላቸው። ያነጠፈችው ስድስት ቦታ በጥራዙ መጨረሻ ክፍት እንደሆነ ነው፤ ሽፋኑ በተዘጋ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እንደዚያ ከከረመ ጀርባው ይሰነጠቃል።

ሰኞ ጠዋት ስፌቱን ፈታች። ቁራጮቹን አወጣች፣ አሥራ ሁለቱን መልሳ ሰፋች፣ አዲስ ጠባብ ሽፋን ቆረጠች። አዲሶቹን ስድስቱን ለብቻ በስስ ካርቶን ለብጣ የጥረዛ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አኖረቻቸው፤ ሥራው እስኪያልቅለት የሚጠብቅ ደንበኛ ያነባቸዋል።

ጋሽ አባይነህ ቁራጮቹን መሬት ላይ አዩ።

"እንግዳው ቀረ?"

"መጣ ጋሼ። ቤት ተሳስቶ ነው።"

ጥራዙ አሁን ውፍረቱ ሁለት ጣት ነው። ሲዘጋ ይገጥማል።