ግድግዳዋ ያላባት ቤተ ክርስቲያን

ሰሞኑን ሐርጌሳ ላይ ዝናቡ ሳይሰስት ጣለ። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት እያደስኩ ነው። ባለቤቱ ሐጂ አደን ጠዋት አስጠርተውኝ እጄን ያዙና የሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አሳረፉት። ረጥቧል። «ወላሂ፣ ሲሚንቶ ሳስለስነው ይኸ ሦስተኛዬ ነው። እሱ ግን ያልበዋል» አሉኝ። መዳፌ እዚያው እንዳለ ሐሳቤ አርባ ዓመት ወደ ኋላ፣ እንግሊዝ አገር አንድ ገጠር ገባ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የአሮጌ ሕንፃ ጥገና እንድማር ለስድስት ወር ተልኬ ሚስተር ጆርጅ ከሚባል ግንበኛ ጋር ተመደብኩ። ከአንደበቱ ይልቅ መዶሻው የሚያወራ፣ ቁጥብ ሰው ነበር። የምንሠራበት አጥቢያ አምስት መንደሮችና አምስት የድንጋይ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩት፤ ቄሱ ግን አንድ ብቻ። እሑድ እሑድ በአሮጌ መኪናው ካንዱ ወዳንዱ ሲሮጥ ይውላል። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ግራና ቀኛቸውን የእሾህ አጥር ይዟቸዋል። መስከረም ስለነበር የእኛን እንጆሪ የሚመስል ጥቁር ፍሬ ተንዠርግጎበታል። እየቀጠፍኩ ስበላ ጣቶቼ ወይን ጠጅ ይመስሉ ነበር።

ከአምስቱ ትንሿ ከመንደሩ ወጣ ብላ ሜዳ ላይ የቆመች ነበረች። የላሊበላ እኩያ ናት ብል አልተሳሳትኩም። ቁልፏ ሚስ ዶሮቲ የሚባሉ፣ ሰባ ያለፋቸው ጡረተኛ አስተማሪ ዘንድ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ እትዬ ዶሮቲ እላቸው ነበር።

በሩን ሲከፍቱልን የሻጋታ ሽታ ተቀበለን። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል።

«በፋሲካ ሰሞን መሐንዲስ ይመጣል። እንዲህ እንደሆነ ካገኘው ይዘጓታል። እናቴም አባቴም እዚህ ግቢ ነው ያረፉት» አሉ። 

ሚስተር ጆርጅ ዙሪያውን አየና ምክንያቱን ነገረን። ከዓመታት በፊት ግድግዳውን ከውጭ በሲሚንቶ ለስነውታል። ድንጋይ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ የገባው ውሃም መውጫ ያጣል። ሲሚንቶውን ልጦ ግድግዳውን በኖራ መለሰን ብቻ ነው የሚያድናት። «ለሁለት ሰው የሦስት ወር ሥራ ነው። ውርጭ ግን ካምስት ሳምንት በኋላ ይደርሳል። ኖራ ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው ይረግፋል» አለ።

እትዬ ዶሮቲ የቀሩት ምእመናን ዘጠኝ ሽማግሌዎች መሆናቸውን ነገሩን።

አፌ ላይ የመጣ ነገር ነበር፤ ዋጥኩት። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ፣ እኔ ልጅ፣ አገሩም የሰው አገር። ሻይ ስንጠጣ ግን እትዬ ዶሮቲ ወደኔ ዞሩ። «ቅድም ምን ልትል ነበር?» አሉኝ። ከአስተማሪ ዓይን አይመለጥም።

«በእኛ አገር» አልኩ እየተንተባተብኩ፣ «ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ አገሩ ሁሉ ይጠራል። ደቦ እንለዋለን።»

«የማይጸልይም ይጠራል?»

«እጅ ያለው ሁሉ ይጠራል።»

እትዬ ዶሮቲ በማግስቱ ዱላቸውን ይዘው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ከሠላሳ ሰው በላይ ቆሞ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት አለ፤ ላም አርቢው ትራክተሩን ይዞ መጥቷል። አንድ ረጅም ሰውዬ «እኔ በእግዚአብሔር አላምንም። የተዳርኩት ግን እዚህ ነው» ብሎ መሮ ተቀበለኝ። ዝምተኛው ሚስተር ጆርጅ የዚያን ቀን ሲያስተምር ውሎ ድምፁ ተዘጋ።

ሥራው አራት ሳምንት ፈጀ። አንድ ረቡዕ እትዬ ዶሮቲ በቅቤ የተጋገረ ኬክ አመጡልኝ፤ እንደምጾም ነገርኳቸው። ዓርብ ዕለት በዘይት የተሠራ ድንችና ካሮት ይዘው መጡ። «ቅቤ አልነካውም። ድስቱንም ሁለቴ አጥቤዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ የጣፈጠኝ ድንች የለም።

ኖራውን ለስነን ጆንያ ካለበስነው ከሳምንት በኋላ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆነ። ሁላችንም ግድግዳው ሥር ተሰበሰብን። ሚስተር ጆርጅ የጆንያውን ጫፍ ገለጠና ልስኑን በጥፍሩ ጫረው።

«ይዟል» አለ።  እትዬ ዶሮቲ ፊታቸውን ወደ መቃብሮቹ አዞሩ።

ፋሲካን ሳልደርስበት አገሬ ገባሁ። ግንቦት ላይ የእትዬ ዶሮቲ ደብዳቤ መጣ። መሐንዲሱ ጓንቱን አውልቆ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ «ደርቋል» ብሎ ጻፈ። አልዘጓትም። «ያ ረጅም ሰውዬ አሁንም አያምንም» ይላል ደብዳቤው፣ «የመቃብሩን ሣር ግን የሚያጭደው እሱ ነው።»

ዛሬ እኔም ሸምግያለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ከወሎም ከጎጃምም የመጡ፣ የዚሁ አገር ልጆችም ናቸው፤ ሦስት ቋንቋ እየቀላቀልን እንግባባለን። አንዱ ሊናገር ጀምሮ ቃሉን ሲውጥ ካየሁ ሥራ አስቁሜ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ባለፈው ወር ግን ከሐርጌሳ ዳር አያሃ በሚባል ሰፈር መሠረት ስናወጣ፣ አንድ ዓይን አፋር የወሎ ሰው አካፋውን ተደግፎ ሲያመነታ አየሁትና ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኸ መሬት የጎርፍ መንገድ ይመስለኛል» አለኝ።

ጎረቤቶቹን ጠየቅን። ልክ ነበር።