የጎረቤቴ ኢንተርኔት

ኮምፒውተሮቹን የገዛናቸው በአንድ ቀን፣ ደሴ ከአንድ ሱቅ ነው። ሁለቱም ያገለገሉ ነበሩ፤ ሻጩ ሁለቱም ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭኖባቸዋል። አንዱ የእኔ፣ ሌላው የጎረቤቴ ነው፤ መካነ ሰላም በአንድ ግቢ አብራኝ የተከራየች የባዮሎጂ መምህርት ናት። እኔ የማስተምረው ኮምፒውተር ነው። ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

የእሷ በመጣንበት ቀን ኢንተርኔት ገባለት። የስልኳን ዳታ በዋይፋይ አጋራችው፤ ኮምፒውተሩም ወዲያው አገኘው። የእኔ ግን ዋይፋይ የሚባል ነገር ጨርሶ አላየም። ዋይፋዩን የሚያሠራው ፋይል ጎድሎታል፤ ፋይሉን ለማውረድ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። አራት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ ታገልኩት። በግድግዳው በኩል የምታየው ቪዲዮ ድምፅና ሳቋ ይሰማኛል። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ደስ አለኝ፤ ባትሪው የሞተው የእሷ ኮምፒውተርም እንደጠፋባት አውቃለሁና።

በዚያ ሳምንት እናቴ ከማሻ መጥታ እኔ ዘንድ ነበረች። ዐይኗ ስለደከመ በስልክ የወንድሜን ፊት መለየት አትችልም። ወንድሜ ጅግጅጋ ሥራ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። "በኮምፒውተሩ፣ በትልቁ አሳይሻለሁ" ብያት ነበር። በአምስተኛው ቀን ስመለስ ቤቴ ውስጥ ማንም የለም። እናቴ ጎረቤቴ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ከወንድሜ ጋር ታወራለች።

"ከሳህ እኮ፣ ልጄ" ትለዋለች።

ጎረቤቴ ከጎኗ ቆማ፣ "እማማ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፣ በደንብ እንዲያይዎት" ትላታለች።

ደስ ሊለኝ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እናቴን እዚያ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስንወጣ ጎረቤቴ ሸኘችን። "ስልክሽን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተሽ ሞክረሻል? በገመድ ከሆነ ዋይፋይ አያስፈልገውም" አለችኝ።

"ሞክሬዋለሁ፤ እምቢ አለ" አልኳት። አልሞከርኩም። ጭራሽ አላሰብኩትም።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስልኬን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁና ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ እንዲያጋራ አደረግሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የጎደለውን ፋይል አወረድኩ፤ ዋይፋዩም ሠራ።

"አብሽሪ ብዬሽ አልነበር?" አለች እናቴ። "ማን አሳየሽ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ልብስ ስናሰጣ እናቴ ለጎረቤቴ፣ "ልጄ እኮ ማንም ሳያሳያት ብቻዋን ሠራችው" አለቻት። እጄ ላይ የነበረውን አንሶላ ጨምድጄ ያዝኩ። ጎረቤቴ ትክ ብላ አየችኝ።

"እሷማ ሙያዋ ነው፣ እማማ" አለችና የአንሶላውን ጫፍ ያዘችልኝ።

እናቴ ወደ ማሻ ከተመለሰች በኋላ እውነቱን ለጎረቤቴ ነገርኳት። "ያኔውኑ ገብቶኛል፤ ተይው" አለችኝ። አሁን የእኔም ኮምፒውተር ይሠራል። ነገሩን እንደዚያ አድርጋ ባለፈችበት ልቧ ግን እስከ ዛሬ እቀናለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ እናቷ ፊት አጋልጣት ነበር።