ወንድሙ ያነሣው ጽዋ

ወንድሙ የሚባለውን ጎሚስታ ተቀምጦ ያየው ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። መርሳ ላይ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ ነበር ጎማ የሚጠግነው። ሥራ ሲኖር ይሠራል፤ ሥራ ሲጠፋ ከቤቱ እስከ ድልድዩ ይመላለሳል። ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላ። ቅዳሴ ላይ ሰው ሁሉ መቋሚያውን ተደግፎ ሲያስቀድስ እሱ እግሩን ያፈራርቃል። «አንተ ሰው፣ መሬቱ ያቃጥልሃል?» እለው ነበር። «አንተ ሱቅህ ውስጥ ተቀምጠህ ትወፍራለህ፣ ምን አለብህ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ያኔ ወፍራም ነበርኩ።

የተወለደው እዚሁ ሀብሩ ነው። ሙያውን የለመደው ግን ደሴ፣ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው። ከዚያ ወልድያ ሠራ፣ ኮምቦልቻ ሠራ፣ አሰብ ድረስ ወርዶ በሙቀቱ ተማሮ ተመለሰ። ታደለችን አግብቶ መርሳ ላይ ቤት ሲሠራም ይከርማል ብሎ ያመነ አልነበረም። ታደለች ጭምት ሴት ናት፤ እሱ ሲሮጥ እሷ ዝም ብላ ታየዋለች፣ ሲደክመው ውሃ ትሰጠዋለች።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። በ1965 ዝናቡ ቀረ፤ የተራበ ሰው ከቆላውም ከደጋውም ወደ መኪናው መንገድ ይወርድ ጀመር። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። እህሉ ሲጠፋ ንግዱም ጠፋ። እኔ ጨውና ክብሪት ስጠብቅ እውላለሁ፣ ወንድሙ መንገዱን ሲጠብቅ ይውላል። በ66 የካቲት ላይ ደግሞ ቤንዚን ተወደደ ተባለና የቀሩት ጥቂት መኪኖችም ተመናመኑ። አዲስ አበባ ረብሻ አለ ይባላል፣ ወታደር ደመወዝ ጠየቀ ይባላል። ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

የወንድሙ እግር ያኔ ባሰበት። ሲራጅ የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ የሐራ ሰው፣ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር። «ና አብረን እንውረድ፤ እዚያ መኪና አይጠፋም፣ በሙቀቱም ጎማ ይፈነዳል። የቀረውን አላህ ያውቃል» አለው። የወንድሙ ልብ ሸፈተ። ታደለች ግን ከጓዳ ሆና፣ «አሰብን አይተኸው መጥተሃል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። መሄድህም ካልቀረ ጽዋውን አስረክበህ ሂድ» አለችው።

ነገሩን የያዘው ይኸው ጽዋ ነው። እኔም እሱም የገብርኤል ማኅበርተኞች ነን። በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ አንዱ ቤት ተሰብስበን፣ ቄስ ባርኮልን፣ ዳቦና ጠላ እንቀምሳለን። ስንነሣ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋ ያነሣ ሰው ደግሞ ሳያስረክብ አገር ጥሎ አይሄድም፤ በእኛ ዘንድ ይህ ሕግ ነው። በጥር ስንሰበሰብ ጽዋውን የማንሣት ተራው የሌላ ሰው ነበር። ወንድሙ ነው ተሽቀዳድሞ፣ «ለእኔ ስጡኝ፣ ተራዬን ቶሎ ልገላገለው» ብሎ ያነሣው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ብተርትበት አልሳቀልኝም።

የካቲት እንደገባ ጽዋውን ይዞ ወደ ሙሴያችን፣ ወደ ማኅበሩ መሪ ወደ ጋሽ ዓለምነህ ሄደ። እኔንም ጎትቶ ወሰደኝ።

«ጋሽ ዓለምነህ፣ አንቱ ዘንድ ይቀመጥልኝ። ቤቴ ጌሾ እንጂ እህል የለም። ምን ይዤ ማኅበሩን አስተናግዳለሁ?»

«ባለህ ነዋ፣ ልጄ። ውሃም ቢሆን ገብርኤል አይቆጣም።»

«ሰው ይቆጣል እንጂ።»

«የተቆጣ ሰው ከቤቱ ያምጣ» አሉና ጋቢያቸውን አጣፉ። ጨዋታው አበቃ።

ጽዋው ተመልሶ ወንድሙ ቤት ገባ። ታደለች እንደነገረችኝ፣ ወንድሙ ማለዳ ማለዳ ጽዋው ፊት ቆሞ ከገብርኤል ጋር ይሟገት ነበር። «ከመርሳ ሰው ሁሉ እኔን መረጥክ? ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ይላል። ተሟግቶ ሲያበቃ ይሰግድና ወጥቶ በሩን ይከፍታል፤ የሚጠገን ባይኖርም አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ እየነፋ፣ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሃይማኖት ልብ ያሳርፋል ይላሉ። ወንድሙን አላሳረፈውም፤ ብቻ ማለዳ ያስነሣው ነበር። እኔ በበኩሌ አንዳንድ ቀን ሱቄን አልከፍትም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ዐቢይ ጾም ስለገባ የተሰበሰብነው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ታደለች ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ አንዲት ትንሽ የማሽላ ዳቦ ጋግራለች። ጽዋው ውስጥ ውሃ ነው። ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ የእኛን ፊት ያያል፣ ላቡ ይወርዳል። መምሬ ሞገስ ጽዋውን ገልጠው አዩ፣ መስቀላቸውን አወጡና ጸለዩ። ለጠላ የሚጸልዩትን ያህል ነው የጸለዩት፤ አንድ ቃል አላጎደሉም። ዳቦዋ ተቆርሳ የደረሰችን ጣት የምታህል ናት። እኔ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

ከዚያ ጋሽ ዓለምነህ፣ «የመጋቢትን ጽዋ የሚያነሣ ማነው?» አሉ።

ተረኛው ፈንታው የሚባል ማኅበርተኛ ነበር፤ ሚስቱ ታማ ተኝታለች፣ አንገቱን ደፋ። ሌላውም ደፋ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሽማግሌው ደግመው ጠየቁ። ጽዋው መሐላችን ላይ ተቀምጧል፤ የሚያነሣው ካልተገኘ ማኅበሩ በዚያ ቀን መፍረሱ ነው። የወንድሙ ከረጢት በሩ ጥግ ታስሮ ተቀምጧል። ሲራጅ በማግስቱ ማለዳ ሊወስደው ቀጥሮታል፣ ሁላችንም እናውቃለን።

ወንድሙ ከበሩ እስከ መደቡ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። «እግዜር ያሳያችሁ» አለ ተቆጥቶ፣ «ይኼ ሁሉ ሰው!» ጎንበስ ብሎ ጽዋውን አነሣ። እልል ያለች ታደለች ብቻ ናት።

ማለዳ የሲራጅ መኪና ጥሩምባዋን ነፋች። ወንድሙ ባዶ እጁን ወጣ።

«ከረጢትህስ?»

«ጽዋ አንሥቻለሁ። አልሄድም።»

ሲራጅ የኛን ነገር ያውቃል፤ አልተከራከረውም። «አላህ ያጽናህ። እንግዲያ የኋላው ጎማ ለስልሷል፣ ንፋልኝ» አለው። ወንድሙ መንፊያውን አምጥቶ ሊወስደው የነበረውን መኪና ጎማ ነፋ፣ በመዶሻ እየመታ ድምፁን ሰማ፣ ደግሞ ነፋ። መኪናው ድልድዩን ተሻግሮ እስኪሰወር መንፊያውን እንደያዘ ቆመ። እንዲያ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ያው እግሩ ተነሣ። ወደ በሩ ሄዶ፣ «አንቺ ታደለች፣ ለመጋቢት በምንድነው የምናስተናግደው?» አለ።

«ለየካቲት በምን አስተናገድን?» አለች ከውስጥ።