የሁለተኛው ፊልም ቀሪ ግማሽ

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የቪዲዮ ካሴት መጠገን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ ክሩን በልቶት ስለነበር ካሴቱን የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ገለበጥነው። እሱ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በእስክሪብቶ ጫፍ ተጭኖ ያዘ፤ እኔ መዘውሩን በጣቴ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። የተጨማደደውን ክር እሱ በሁለት ጣቱ እያሻሸ ያቃናል፣ እኔ አጠነጥናለሁ።

«ቀስ በይ እንጂ! የፊልሙ ሽማግሌ እዚያ ውስጥ ናቸው» አለኝ።

«ለራሳቸው ይጠንቀቁ።»

«ብትበጥሺው የስምንተኛ ፎቋን እማማ ምን ልላቸው ነው?»

አልበጠስኩትም። ካሴቱን ማቀፊያው ውስጥ ከተትነው፤ እኔ ወደ ሽንኩርቴ፣ እሱ ወደ ጋዜጣው ተመለስን። ማክሰኞ ዕለት፣ ስካርቦሮ ባለው መጋዘን በሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።

ስለ ካሴቱ መናገር አለብኝ። እንግሊዞች ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ያሳዩት አንድ የቆየ ድራማ አለ፤ በጊዜ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚጓዝ ሰው የሚተርክ ነው። ከዚያ ድራማ ደግሞ በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ ዓመታት ለሲኒማ ቤት የተሠሩ ሁለት ፊልሞች ወጥተዋል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ያየው አዲስ አበባ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ የነበረው ሁሉ በፊልሙ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ወርቅማ ነበር። ድራማ ስለመኖሩ ግን አልሰማም። ለእሱ ፊልሙ ራሱን ችሎ ከምንም ሳይወለድ የመጣ ነገር ነው።

እውነቱን ያወቀው ቶሮንቶ ከገባን በኋላ ነው። ቶርንክሊፍ ፓርክ የተከራየናት ቤት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ስንከፍት፣ በልጅነቴ ያየኋቸው እያለ የሚያወራልኝ የብረት ጠላቶች እየተንኳኩ መጡ። ከሶፋው ተነሥቶ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? የኔ ሽማግሌ የታሉ?»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ በድራማው ውስጥ ያ ተጓዥ ሰው አይደለም። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው፤ ሊሞት ሲል ፊቱ ይለወጥና ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። በፊልሞቹ ውስጥ ግን እንደማናችንም የሚያረጅ፣ ሽበታም፣ ማሽኑን በገዛ እጁ የሠራ አዛውንት ነው። እኔ አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ለዋናው ጽሑፍ እቆማለሁ። ፊልም ሠሪዎቹ ሰውየውን አበላሽተውታል አልኩት።

«አላበላሹትም፤ ሰው አደረጉት» አለኝ። «የማይሞት ከሆነ ምን ብዬ ነው የምፈራለት?»

በዚህ ነገር ለዓመታት ተከራከርን። ሳህን ስናጥብ፣ ባስ ስንጠብቅ፣ አንዴ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ። አንዳችንም አልተረታንም።

ሁለቱን ካሴቶች ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ያገኛቸው ጊዜ ለብቻው ማየት አልበቃውም። ሕንጻችን ውስጥ ልጆቻቸው ከአገር ቤት ያስመጧቸው ስድስት ሰባት እናቶች ነበሩ። ልጆች ሥራ፣ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቀኑን ከግድግዳ ጋር ነው የሚውሉት። ባለቤቴ ከሕንጻው ኃላፊ፣ ከሱፐሩ ጋር ተነጋግሮ ምድር ቤቱ ላይ ያለውን የጋራ ክፍል በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አስፈቀደ። ቴሌቪዥንና ዴክ በጋሪ ገፍቶ ይገባል። ሪሞቱን ይዞ አጠገቡ ይቆምና እያቆመ በአማርኛ ይነግራቸዋል። ያገኘውን ፊልም ሁሉ እንዲህ አሳያቸው፤ እነዚህን ሁለቱን ግን እያቆየ፣ እየቆራረሰ፣ እንደ በዓል ምግብ ነበር የሚያቀርባቸው።

እኔ ታግሼ መስማት አልቻልኩም። የባለቤቴ እንግሊዝኛ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነበር። ገና በመጀመሪያው እሑድ፣ አዛውንቱ ሦስት ቃል ተናግረው ዝም ሲሉ እሱ ፊልሙን አቁሞ አንድ ሙሉ ደቂቃ ተረከ።

«ሰውየው እንዲህ አላለም» አልኩት ከኋላ።

እናቶቹ ዞረው አዩኝ። እሱም አየኝና ፈገግ አለ። «ቲቸር፣ ከፈለግሽ ነይ ቁሚ።»

አልቆምኩም። ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር የልብስ ቅርጫቴን ይዤ ከጎን ወዳለው የልብስ ማጠቢያ፣ ላውንድሪ ክፍል እገባለሁ። የማሽኑ ድምፅ የእሱን ድምፅ ይሸፍንልኛል። ልብስ አጥፌ ስጨርስ እነሱም ይጨርሳሉ፤ ጋሪውን አብረን እንገፋለን። ሁለት ዓመት ያህል አንድም ቀን ሲተርክ አልሰማሁትም።

ሁለተኛውን ፊልም ሲያሳይ ክፍሉን ለሌላ ቤተሰብ ልደት መልቀቅ ስለነበረባቸው ግማሹ ላይ አቆመ። አዛውንቱ በፈረሰች ከተማ ውስጥ ተከበው ቀሩ። ክሩ የተበላውም ካሴቱን በጥድፊያ ሲያወጣው ነው።

ለቅሶ ደራሾች ቴሌቪዥናችንን በነጠላ ሸፈኑት፤ ካሴቱ ከላዩ እንደተቀመጠ ነበር። ሰልስቱም አርባውም አለፈ። ከአርባው በኋላ ከስምንተኛ ፎቅ አንዲት እማማ መጡ። ሰባን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ናቸው። ተቀመጡ፣ ስለ እሱ አለቀስን፣ ዕንባቸውን ጠረጉና ወደ ካሴቱ በዓይናቸው አመለከቱ።

«ልጄ፣ እኚያ ሰውዬ ከዚያ ከተማ ወጡ ወይስ ቀሩ?»

«ወጡ፣ እማማ። በደህና ነው የሚያልቀው።»

«እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? እሱ እንዲህ አልነገረንም።» ከዘራቸውን አስተካከሉ። «ወርደሽ ጨርሺልን።»

«ጥቁር ለብሼ ፊልም? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ እኛ ነን። ከእኛ ሌላ ማን አለ?»

በአንድ በኩል ሐዘን እንዳላፈርስ ፈራሁ። በሌላ በኩል ግን አንድ ነገር ከልቤ ፈለግሁ፦ እሱ የጀመረው ነገር መሀል ላይ ተጥሎ እንዳይቀር። ደግሞም ልደብቀው አልፈልግም፣ ከእሱ የተሻለ እንደምተረጉም እርግጠኛ ነበርኩ። ሦስት ቀን ካሴቱን እያየሁ እያንዳንዱን ንግግር በደብተር ጻፍኩ። የገባኝን ብቻ ሳይሆን ያልገባኝንም በመዝገበ ቃላት አየሁ።

እሑድ ጋሪውን ብቻዬን ገፋሁ። ሁሉም መጥተው ነበር። ካሴቱን ከተትኩ። የጠገንነው ቦታ ሲደርስ ምስሉ ላይ ነጭ መስመር ወጣና አለፈ። ቆሜ መተርጎም ጀመርኩ፤ አንድም ቃል አልሳትኩም።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንዷ ነጠላዋን አወለቀች፣ መልሳ ለበሰች። ስምንተኛ ፎቅ ያሉት እማማ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ አቁሚው እስቲ። ባለቤታቸውስ?»

«የማን ባለቤት?»

«የሰውየው ነዋ! ዛሬ ምንም አላለችም።»

«እማማ፣ ፊልሙ ውስጥ ሚስት የለቻቸውም።»

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። «እንዴት የለችም? ማሽኑ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ሹራብህን አትለብስም ወይ ያለቻቸው ማናት?» «ያቺ ንግግራቸውን እያረመች የምታስቸግራቸው!» «ስትቆጣ ደግሞ ምንም አትልም፣ ሄዳ ልብስ ታጥፋለች።» «ሰውየው ዝም ብለው ቆመው ሲያስቡ ስለ እሷ ነው የሚያስቡት። እሱ ሁልጊዜ እዚያ ላይ አቁሞ ይነግረን ነበር።»

ሪሞቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። የላውንድሪ ክፍሉ በር ከፊት ለፊቴ ነበር። ከዚያ በር ጀርባ ሆኜ፣ እሱ እዚህ ቆሞ የሚለውን እንዳልሰማ ማሽን እያስጮህኩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ አጥፌያለሁ።

እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ታውቂያታለሽ ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።»

ምስሉ ላይ አዛውንቱ የፈረሰችውን ከተማ እያዩ ቆመዋል። ደብተሬ ላይ ለዚያ ቦታ የጻፍኩት ነገር የለም፤ ምክንያቱም ንግግር የለም። ዋናው ጽሑፍ የማይለውን መናገር በሕይወቴ አስተምሬም አላውቅም፣ ፈቅጄም አላውቅም። ደብተሩን ዘጋሁት።

«ባለቤታቸው» አልኩ፣ «እቤት ናት። አሁን ማሽኑን ሲያስነሡ አንዱን ማርሽ አለቦታው እንደሚያስገቡ ታውቃለች፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ናቸው። ቢሆንም በራሳቸው መንገድ እንደሚመለሱ ታምናለች። እራታቸውን ከድናላቸዋለች።»

«አይ እሷ!» አሉ እማማ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው። «ዛሬስ ለስለስ ብላለች።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከማክሰኞዋ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ቆሜ ተረክሁት። የብረት ጠላቶቹ ወደቁ፣ አዛውንቱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ሚስታቸው ሹራባቸውን አይታ «ይኸው ቀደድከው» አለቻቸው።

ከወር በኋላ እማማ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። የልጅ ልጃቸው ያንኑ ፊልም ከቤተ መጻሕፍት አምጥታ አሳየቻቸው። ሚስቲቱ አንድም ቦታ አልታየችም።

«ተናድጄ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «እዚህ አገር ደግሞ ሳንሱር አለ እንዴ? ቆርጠው አውጥተዋታል እኮ!»

«ሳይቆርጧት አይቀርም፣ እማማ» አልኩ። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ ስንት ፊልም ተቆራርጦ ያየን ሰዎች ነን፤ ነገሩ ለሁለታችንም የሚታመን ነበር። ለእኔ እንኳ።

ካሴቶቹ ሲያልቁ እኔ የምወደውን ድራማ ራሱን ከቴሌቪዥን እየቀዳሁ አመጣሁላቸው። ባለቤቴ ቢሰማ ይቆጣ ነበር። ተጓዡ ሊሞት ሲል ፊቱ ተለውጦ ሌላ ሰው ሆኖ የተነሣ ዕለት ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ሚስታቸው በምን ታውቃቸዋለች?» አሉ እማማ።

«ሲሳሳቱ» አልኳቸው። «አለቦታው ማርሽ ሲያስገቡ።»

አጥጋቢ መልስ ሆኖ ተቆጠረ። ክርክሩን ግን ለባለቤቴ ለቅቄለታለሁ፦ ለሚሞተው ሰው ነው የሚፈራው።

ጥቁሬን አውልቄያለሁ። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጋሪውን እገፋለሁ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ እቆማለሁ፣ ፊልም እተረጉማለሁ። ልብስ የማጥበው ቅዳሜ ነው።